«አድካሚ» አይበቃውም

«አልልም አልኩህ! ሰነፍ ናት እንዲሉኝ ነው? ሃርድ ካልኩ ይበቃል!» እህቴ ጫማዋን እያሰረች ጮኸችብኝ።

«ሃርድማ ድንጋይም ነው!» አልኳት፣ ስልኬን እያወዛወዝኩ። ጠዋት ያገኘኋት የእንግሊዝኛ ቃል አፌ ውስጥ አላርፍ ብላለች፤ ግሩሊንግ።

እህቴ አቃቂ ካለ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሸምናለች። ያን ቀን አራት ሰዓት ላይ ለፈረቃ ኃላፊነት በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ነበረባት። «ሥራሽ ምን ይመስላል?» ብለው እንደሚጀምሩ ቀድመዋት የተፈተኑት ነግረዋታል።

ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ግሩሊንግን «አድካሚ» ብሎ አልፏታል። አልተዋጠልኝም።

«ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ አቦ ድረስ ታክሲ ውስጥ ተጣብቆ መሄድ አድካሚ ነው፤ ተኝተሽ ስትነሺ ይለቅሻል። ይሄኛው ግን አይለቅም። እንደ አናጢ መላጊያ በየቀኑ ስስ ስስ እያደረገ ይልግሻል!»

«አንተ ገጣሚ፣ እዛው ግጥምህ ላይ ጻፈው። ሥራው ጨረሰኝ የምትል ሴት ማን አለቃ ያደርጋታል?»

መዝገበ ቃላቱን እንደገና ከፈትኩ።

ምስር ትለቅም የነበረችው እናታችን ሰፌዱን አስቀመጠች። እሷም ጡረታ እስክትወጣ የሠራችው እዚያው የሽመና አዳራሽ ነው። ማሽኑ ጆሮ ስለሚደፍን ሴቶቹ የሚነጋገሩት በእጃቸው ነበር። ሁለት እጆቿን አገናኝታ የማይታይ ክር መሳብ ጀመረች። ሳበች፣ ሳበች፣ ጣቶቿ እስኪንቀጠቀጡ። ከዚያ ጨበጠችውና ደረቷ ላይ አሳረፈችው።

«ይሄን ነው የምትለው?» አለችኝ።

እህቴ በሳቅ ፈነዳች። «የፈረቃው የመጨረሻ ሰዓት ምልክት! እማዬ፣ ዛሬም እንላታለን እኮ!»

«ምን ማለት ነው?» አልኩ።

«ቀጥኗል፣ ግን አልተበጠሰም።»

ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። ጠዋቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ስቆፍር፣ ትርጉሙ ለካ እዚሁ ምስር እየለቀመ ነበር!

እህቴ መስታወቱ ፊት ቆመች። «እና ፈረቃው ግሩሊንግ ነው፣ ስድስት ዓመት ግን አልተበጠስኩም... ልበላቸው?»

«በያቸው!»

«እንግሊዝኛው ቢጠፋብኝስ?»

«እጅሽ የት ሄዶ?» አለች እናቴ።

እህቴ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደጃፉ ላይ ዞር አለችና ያንን ክር በአየር ላይ ሳበችው። ጡጫዋን ደረቷ ላይ አሳርፋ፣ በሩን ከኋላዋ ድርግም አድርጋ ዘጋችው።