ሰፊው ሰንሰለት

ዴልማር ኪንኬድ በኦሪገን ሰማያዊ ተራሮች ላይ ጭነት ሲያመላልስ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ከፔንድልተን ተነስቶ ያንን ዳገት የሚወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ይበልጥ የሚያውቀው ግን በምላሱ ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር፣ መኪኖች ጎማቸው እንዳይንሸራተት ሰንሰለት ለማሰር ዳር ይዘው በሚቆሙበት ሜዳ ላይ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ በዚህ ዳገት ሰንሰለት ተውሼ አላውቅም። ሰንሰለት የሚዋስ ሹፌር ነገ ሱሪም ይዋሳል!» ይላል።

የዚያ መንገድ ሕግ አያሻማም። መንገድ ዳር ያለው ሰሌዳ «ሰንሰለት እሰሩ» ብሎ ከበራ፣ ከባድ መኪና ጎማው ሰንሰለት ሳይለብስ ንቅንቅ አይልም። ዴልማር ይህን ሕግ ይወደዋል። እርግጥ ነው፣ ለኩራታችን የተመቸን ሕግ መውደድ አይከብድም፤ የምንፈተነው ሕጉ እኛኑ የጎረበጠን ዕለት ነው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሳያጓድል የሚያከብረው አንድ በዓል ቢኖር የሰንሰለት ምርመራ ነው። የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል ሰንሰለቶቹን ግቢው ሣር ላይ ይዘረጋል፤ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ይዳስሳል፤ ዘይት ይቀባል። ዘንድሮም እንደዚያው አደረገ። አሠሪው በጋውን አዲስ መኪና ሰጥቶት ነበር፤ የአዲሱ ጎማ ከድሮው አነስ ይላል። ዴልማር ሰንሰለቱን እንደ ዓይኑ ብሌን መረመረ እንጂ ጎማው ላይ አልለካውም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶው ሲወርድ ሜዳው ደረሰ። የአርዲስ ፌን ቀይ መኪና ቀድሞት ቆሟል። አርዲስ ከተራራው ማዶ ያለችው የላ ግራንድ ከተማ ሴት ናት፤ እንደ እሱ የትዳር ጓደኛዋን በሞት አጥታለች። ዓመታት ሙሉ ጎን ለጎን ሆነው ማን ቀድሞ ያስራል እያሉ ሲወዳደሩ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲሳሳቁ ኖረዋል። ዴልማር አንድ ቀን እራት ሊጋብዛት ያስባል፤ ግን ሁልጊዜ ቀልዱ ያልቅና ሁለቱም ሞተር አስነስተው ይሄዳሉ። ዛሬ የእሷ የመጨረሻ ጉዞ ነው፤ ላ ግራንድ ስትደርስ ቁልፍ አስረክባ ጡረታ ትወጣለች።

«አንተ ሽማግሌ! ዛሬ ሳልቀድምህ ጡረታ የምወጣ እንዳይመስልህ!» ብላ ጮኸች።

«በሕልምሽ!» አለና ቱታውን አጥልቆ ተንበረከከ።

ሰንሰለቱን የኋላ ጎማ ላይ አለበሰው። ሳበው፤ ረገበ። የመጨረሻው ቀለበት ላይ ቆለፈው፤ አሁንም እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ሆዱን ዘረጠጠ። ያን ጊዜ ገባው። ሰንሰለቱ የድሮው መኪና ጎማ ልክ ነው።

ከሩቅ ለሚያይ ፖሊስ ሰንሰለት ሰንሰለት ነው። የረገበ ይሁን የጠበቀ ማን ያየዋል? ግን የረገበ ሰንሰለት ቁልቁለቱ ላይ ሲበጠስ ምን እንደሚያደርግ ለስንቱ ሹፌር እየተቆጣ የነገረ እሱ ራሱ ነው፤ ተስፈንጥሮ የሚያርፈው ከኋላ የሚመጣው ላይ ነው።

«ጨረስክ?» አለች አርዲስ ከመኪናዋ ማዶ።

«ጨረስኩ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ቢለው የመጨረሻውን ውድድር ያሸንፋል። ከኋላው የምትከተለው ግን እሷ ናት።

ተነሥቶ ወደ እሷ ሄደ። «አርዲስ... ትርፍ ሰንሰለት ይዘሻል?»

ቀና አለች፤ ከጉልበቷ ላይ በረዶውን አራገፈች። «ምን አልከኝ? ነፋሱ ነው መሰለኝ፣ እስቲ ድገምልኝ።»

«ሰምተሻል።»

«ሱሪም ጨምሬ ላምጣልህ?»

ሳቋ ሜዳውን ሞላው። መጥታ ጎማውን ስታይማ ባሰባት። «ይሄ እኮ የድሮ መኪናህ ሰንሰለት ነው! አይጥ የዝሆን ቀበቶ ታጥቃ አየሁ!»

ትርፉን አወጣችለት፤ ልክክ አለ። እሱ በረዶው ላይ ተጋድሞ ሲያስር፣ እሷ እጇን ኪሷ ከትታ በጫማዋ ጫፍ እያሳየች ታዘዋለች። «ጠበቅ! ኧረ ጠበቅ! ጫማህን እንደዚህ ነው የምታስረው?» በዚህ መሃል የመንገድ ፖሊሱ መጥቶ አጎነበሰ።

«ዴልማር፣ ይሄ ሰንሰለት ያንተ ነው?»

«ተውሼ ነው» አለ ዴልማር ጮክ ብሎ፣ «ከአርዲስ።» ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ቃል ካፉ ሲወጣ ይህን ያህል የማይከብድ መሆኑ ገረመው። ሰው የሚሸከመው ነገር ብዙውን ጊዜ ክብደቱ ካልወረደ አይታወቅም።

በዚያ ዳገት ሹፌሮች ዘንድ የተዋሱት ሰንሰለት መንገድ ላይ አይመለስም። የመንገድ ጨው ብረት ይበላልና፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ በተዋሰው ሰው እጅ ባለቤቱ ቤት ይደርሳል።

«ደንቡን ታውቃለህ» አለች አርዲስ ጓንቷን እያወለቀች። «ሰንሰለት ለጡረተኛ ምን እንደሚሠራላት ባላውቅም።»

ዴልማር ከመሬት ሳይነሣ፣ በረዶ ጢሙ ላይ እንደተጋገረ፣ ዓመታት ያሳደረውን አወጣው። «እሁድ ባመጣልሽስ? በምሳ ሰዓት?»

ጓንቷን ኪሷ ከተተች። «ዶሮ እጠብሳለሁ» አለች። «ጣፋጩ፣ የቼሪ ፓይ፣ ግን ካንተ ነው። ገዝተህ አይደለም፣ ጋግረህ።»

ቁልቁለቱን ከኋላዋ ሲወርድ ሰንሰለቱ ጎማውን ጨምድዶ ይዞ፣ ቅጭል ቅጭል እያለ ይዘፍናል። ዴልማርን ያሳሰበው ግን በረዶው አልነበረም። ቤቱ ውስጥ የፓይ መጋገሪያ ሳህን የለም፤ ከጎረቤት መዋስ ሊኖርበት ነው።