መክሰስ አለ ብዬ የጠራሁ ቀን

የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «አያቴ፣ መክሰስ» ይሉኛል። ዳቦም ሙዝም እሰጣቸዋለሁ፤ ቃሉን ግን ከአፌ አላወጣውም። «የሚቀመስ ነገር» እላለሁ፤ እነሱም ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ልጆች ናቸው። ያኔ የሳቁት ግን ልጆች አልነበሩም።

ብዙ ቦታ ዞሬ አብስያለሁ። ወይጦ መንገድ ዳር ለሾፌሮች ስሠራ መኪናው የቆመበት ሰዓት ሁሉ ምሳ ነበር። ከብት አርቢዎቹ አርቦሬዎች ዘንድ በከረምኩበት ጊዜ ደግሞ ወተት ሲሰጡኝ ቁርስ ይሁን እራት የጠየቀ ሰው አላየሁም፤ ጠጪ ተባልኩ፣ ጠጣሁ። የጂንካ ዙሪያ ገበሬዎች፣ አሪዎቹ፣ ማለዳ የቡና ገለባ አፍልተው በቅል ይጠጡና በእሱ እርሻ ይወርዳሉ። እኛ ቤት ግን ለሁሉም ስምና ሰዓት አለው። መክሰስ በምሳና በእራት መሀል ሆድን የምታታልል ትንሽ ነገር ነች። ምሳ ያልበላ ሰው ምን መክሰስ አለው? የትምህርት ቤት በር ያልረገጥኩት እኔ እንኳ ይህን አውቃለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። ጂንካ ከተማ መሀል ያለውን የአውሮፕላን ሜዳ ሣር እንዲያጭዱ፣ ጉድጓዱንም እንዲሞሉ የገበሬ ማኅበራት ታዘዙ፤ ትልቅ ሰው ይመጣል ተብሎ። ለሠራተኞቹ ምሳ ነው ተብሎ ከራሳቸው መንደር በቆሎ፣ ቆጮና ሁለት ፍየል ተዋጣ። እኔ ያን ጊዜ የቀበሌው ወጥ ሠሪ ነበርኩ።

ሥራውን የሚመራው ከአውራጃ የተላከ ካድሬ ነው። ቀትር ላይ መጣና ድስቶቹን ወደ ጽሕፈት ቤቱ አስገቢ አለኝ። እንግዶችና ኮሚቴው ምሳ ሊበሉ ነው። ሕዝቡስ አልኩት። ሕዝቡ ሥራ ላይ ነው፣ ሲጨርስ ሻይና ቂጣ ይሰጠዋል አለ። አቀረብኩ። በሉ። ፀሐይ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ጎንበስ ያሉት ሰዎች በመስኮቱ ይታያሉ፤ አንድም ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም። እጃቸውን ሲታጠቡ ካድሬው «ሂጂ ንገሪያቸው» አለኝ። «ሥራው ሲያልቅ መክሰስ አለ፤ ስም ይጠራል፤ ማንም እንዳይቀር።»

እኔ ሞኟ ሜዳው ዳር ቆሜ እንደተሰጠኝ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ከአጫጆቹ መሀል ወዳጄ የሆነች አንዲት የአሪ ሴት ነበረች። በገበያ ቀን ሁሉ ቆጮ ይዛ እደጄ ትመጣለች። ያን ቀን የሚጠባ ልጇን ለእህቷ ትታ ነው የመጣችው። አማርኛዋን የለቀመችው ከገበያና ከፍርድ ሸንጎ ነው፤ ባሏ በድንበር ነገር ተከሶ ብዙ ተመላልሳለች። ታዲያ እሷ የምታውቀው መክሰስ ሰው ሰውን የሚከስበትን ነው። እኔ ስጮህ ማጭዷን ይዛ ቀና አለች፤ አጠገቧ ላሉት ሴቶች በአሪኛ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ስለ ሻዩ የነገረቻቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። ሻዩን አፍልቼ ቂጣውን ተሸክሜ ስመለስ ግን በእሷ በኩል ያሉት ሁሉ የሉም። ማጭዶቹ ብቻ ሣሩ ላይ ተጋድመዋል።

በማግስቱ ጠዋት ጥበቃዎቹ ልጇ ጋ ሳትደርስ እሷን ብቻ አግኝተው ወደ ቀበሌው አዳራሽ፣ ሸንጎው ፊት አመጧት፤ እኔም ከሕዝቡ መሀል ተቀምጬ ነበር። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል። ካድሬው የሕዝብ ሥራ ጥላ ስለጠፋች አሥራ አምስት ቀን ትታሰራለች አለ። ለምን እንደጠፋች ሲጠይቃት ፊት ለፊት አየችው።

«አንተ መክሰስ አለ አልክ። ስም እጠራለሁ አልክ። እኔ ሣር አጨድኩ እንጂ ምን አጠፋሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው እንባውን በመሐረብ እስኪጠርግ ሳቀ። ያንን ቀልድ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየጠላ ቤቱ ሰማሁት፤ የተበላው ምሳ ግን አንድም ቀን በቀልዱ ውስጥ አልተነሳም። ስቆ ሲጨርስ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቅጣቱ እንደማይቀርላት፣ «አንተ» ማለት ትታ «ጓድ» ማለትንም እዚያው እስር ቤት እንደምትማር ተናገረ። እሷ ደረቷን በክንዷ ጫን አደረገች።

እኔ ድስት ቢሰበርብኝ እንኳ የምጮህ ሴት አይደለሁም። ያን ቀንም አልጮህኩም፤ ግን ተነሳሁ።

«ጓድ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔን እሰሩኝ። ግን አስቀድሞ የእሷን ምሳ ማን እንደበላ ይነገር።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ወጥሽን ሥሪ።»

«ወጡንማ ሠራሁ። ፍየሉ ከእነሱ መንደር ነው የመጣው። የበላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሳህኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

አሁን የሳቀ የለም። ከሸንጎው አንድ ሽማግሌ፣ እሱም ትናንት አጥንት ሲግጥ የነበረ፣ እጆቹን እያየ ልጅ የምታጠባ ናት፣ ትሂድ አለ። ካድሬው ወረቀት ሲያገላብጥ ቆየና በእጁ ወደ በሩ አመለከታት። እኔን ደግሞ ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ አለኝ። ማማሰያዬን ይዤ ወጣሁ፤ የራሴ ነበር።

ውጭ ደረስኩባት። እየተከተልኳት አስረዳኋት፤ ያ ቃል የምግብም ስም ነው፣ ከሰዓት በኋላ የምትቀመስ ትንሽ ነገር ናት፣ የሸንጎው ሌላ ነው አልኳት። ቆመች።

«ምግብ ነው?»

«ምግብ ነው።»

«ምግብ ከሆነ ስም ለምን ይጠራል?»

 መልሴን ሳትጠብቅ ልጇ ወዳለበት ዳገቱን በሩጫ ያዘችው።