አያቴ የደፈኗቸው ጉድጓዶች

አያቴን የማስታውሳቸው ከኋላዬ ጉድጓድ ሲደፍኑ ነው። ከእንጅባራ በተዋስሁት የብረት መፈለጊያ ማሽን መስካቸውን ስቆፍር፣ አፈሩን በእግራቸው እየመለሱ ይከተሉኝ ነበር።

«ይቺ ማሽንህ ሚስማር ባየች ቁጥር እልል ትላለች። አንተ ብርህን ፈልግ፤ እኔ የፈረሴን እግር ልጠብቅ» ይሉኛል።

አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ጠገራ ብር!» ብዬ ጮህሁ። ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣ «ጉድጓዱስ?» አሉኝ። ብሩን መልሰው ሰጡኝና አፈሩን በእግራቸው ይመልሱ ጀመር።

አርፈው የአርባ ቀን ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ ብቻዬን ወጣሁ። ስድስት ቦታ ቆፍሬ ያገኘሁት ዝገት ብቻ ነው። ደክሞኝ ዞር ስል ስድስቱም ጉድጓዶች እንደተከፈቱ ናቸው፤ ፈረሳቸውም ሣር እየጋጠ ወደዚያው ይመጣል።

ማሽኑን አስቀመጥሁና በዛለ እግሬ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሬ መድፈን ያዝሁ።