ቁጥር አንድ የገደላት እናት

ልብስ ጠጋኟን ሴት ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል፤ ግማሹ ለሙያዋ፣ ግማሹ ለምላሷ። ሱቋ ከደረጃ ሥር ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛና ለደንበኛ የተቀመጠ በርጩማ ካስገባች በኋላ ለሰው የሚተርፋት ቦታ ጥቂት ነው። የሚመጣው ልብስ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ይያያዝበታል፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአንዱን ልብስ ለሌላው ሰጥታ አታውቅም።

እስከ ሃያ አራት ዓመቷ ድረስ በሥዕል የሚተረክ የልዕለ ጀግና ኮሚክ አንባቢ ነበረች። በየወሩ የሚወጣውን «የማማው ዘብ» ከቁጥር አንድ እስከ ስልሳ ሦስት አንድም ሳታጎድል ተከታትላለች። ዘቡ ፊቱን ሸፍኖ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ከተማ የሚጠብቅ ጀግና ነው። ሌላው አንባቢ ጉልበቱን ይወድለታል፤ እሷ ግን ዓይኗ ካባው ላይ ነበር። በቁጥር ዘጠኝ ካባው ግራ ትከሻው ላይ ተቀደደ። «የጓደኛዬ ነው» ብሎ ለእናቱ ሰጣት፤ እናቱም የማን እንደሆነ ሳታውቅ እራፊ ጣፈችበት። ከዚያ ወዲያ ሠዓሊው ያችን እራፊ አንድም ጊዜ አልረሳትም፤ እያንዳንዱን የክር ስፌት ሳይቀር ይስለው ነበር። በስልሳ ሦስት የመጨረሻ ገጽ ላይ ዘቡ ካባውን እንደለበሰ ፊቱን ገልጦ፣ የእናቱን በር ሊያንኳኳ እጁን አነሳ።

በዚያው ወር የእሷ እናት ታመመች። ልጅቷ በእናቷ ቦታ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች፣ ኮሚኩም በዚያው ቀረ። በሩ ይከፈት አይከፈት ሳታውቅ ኖረች።

ባለፈው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ ባለው መጻሕፍት መደብር መስኮት ላይ ዘቡን ድንገት አየችው። የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ገብታ ያለውን ገዛች። «ቁጥር አንድ» ይላል። ምሳዋን እየበላች ገለጠችው። ካባው ድፍን ነው። እናቱ ደግሞ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ልጇ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞታለች።

ምሳውን ትታ መንገዱን ተሻገረች።

«እናቱን ማን ገደላት?»

መጽሐፍ ሻጩ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ጎልማሳ፣ ከመሰላሉ ላይ ዞር አለ። «የማንን እናት፣ እትዬ?»

«የዘቡን ነዋ!»

«አሃ! ታሪኩን እንደ አዲስ ጀምረውት ነው። የድሮው አልነበረም እንደማለት ነው።»

«አልነበረም? ታዲያ እኔ ስልሳ ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ ሳነብ ነው የኖርኩት?»

«አዲስ አንባቢ እንዳይከብደው ብለው ነው። ወረቀቱን ይዩት እስቲ፣ እንዴት እንደሚያበራ!»

«ወረቀት ስላበራ እናት ትገደላለች? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ! የተበላሸ ስፌት ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ልብሱን ወስዶ ‹ድሮም ልብስ አልነበረህም› ይባላል?»

ሻጩ ሳቀ። «እትዬ መርፌ፣ ኮሚክ እኮ ነው።»

ያ ሳቅ ውስጧ ገብቶ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ መኪናውን ስትረግጥ መኪናውም አብሯት የተቆጣ ይመስል ነበር።

ሻጩ ለጥገና የሰጣት ጃኬት ነበር፤ ቡናማ፣ ክርኑ ያለቀ፣ የሟች አባቱ። ዓርብ ሊወስድ መጣ። ቁጥር አሥራ ሰባት የተያያዘበትን አውርዳ ሰጠችው። ቡናማ ነው፣ ልኩም ነው፤ ግን ለሽያጭ ከሰቀለቻቸው አዲሶች አንዱ ነበር።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«ያንተ ነው። እንደ አዲስ ተጀምሮ ነው።»

«የአባቴ ጃኬትስ?»

«አልነበረም እንደማለት ነው። ይልቅ ጨርቁን እየው፣ እንዴት እንደሚያበራ።»

ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። መጋረጃውን ገለጠ፣ የተሰቀለውን አንድ በአንድ አገላበጠ። «እትዬ፣ በእናትዎ! ጣሉት እንዴ?» ድምፁ ተሰበረ።

ከመኪናው ሥር የተጠገነውን አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ክርኑን በጣቱ ዳሰሰና ወጣ። እሷም በተቀመጠችበት ቀረች። ሰውየው ሻጭ ነው፤ በጻፊው ፈንታ እሱን መቅጣቷ ልክ እንዳልነበረ ገብቷታል። ንዴቷ ግን አልበረደላትም።

ሰኞ ጠዋት ተመልሶ መጣ፤ ጃኬቱን ለብሷል። በእጁ የያዘው ኮሚክ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።

«ትናንት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳገላብጥ ዋልኩ። ስልሳ አራት። ከዚህ በኋላ አልታተመም።»

መነጽሯን ሳታስተካክል ገለጠችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሩ ተከፍቷል። እናቲቱ የልጇን ፊት አልፋ ትከሻውን ታያለች። «ክሩ ላልቷል» ትለዋለች፤ «ግባና ላጥብቅልህ።»

ቀሪው ገጽ ሁሉ ጎርፍና የፈረሰ ድልድይ ነው። ግርጌው ላይ «ይቀጥላል» ይላል።

«ይቀጥላል ይላሉ፣ ዓይን አውጣዎች!» ኮሚኩን የካውያው ጠረጴዛ ላይ አሳረፈችው፤ ወደ መጀመሪያው ገጽ መልሳ በመዳፏ ደለደለችው። ከዚያ በርጩማው ላይ ወደ ተቀመጠው ሰው ቀና አለች፤ እንባዋን አልጠረገችም።

«እስቲ ንገረኝ፣ አንተ ልጅ። ይህችን ሴት ነው አልነበረችም የሚሉት?»

ሻጩ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። የጃኬቱን ክርን ይዞ «ነበረች፣ እትዬ» አለ።