ድንጋዩ ትንሽ ነው

ይቅርታ ሲጠየቅ ሆዱ የሚባባ ሰው አለ ይላሉ። ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አይደለሁም። ይቅርታ በተጠየቅሁበት እሑድ ደስ ያለኝን ያህል ኋላ በሠርጌ ቀን እንኳ ደስ አላለኝም። የተደሰትኩትም ይቅር ልል ነው ብዬ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ፣ ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በነበረው ሰፈራችን ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ከአባቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበር የምኖረው። በአጥር የምንዋሰነው ጎረቤታችን በዕድሜ ስለምትበልጠኝ “እትዬ” እላት ነበር። እሳት ከጠፋብን ፍም የምንጭረው ከእሷ ቤት ነው፤ እሷም ከእኛ። ባሏ ጣልያንኛ ስለሚያውቅ ጣልያኖቹ ሲገቡ አስተርጓሚ ሆነላቸው። መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ብዙም አልከፋው። እንዲያውም አቤቱታ ያለው ሁሉ ማታ ማታ እሱ ዘንድ እየሄደ ያስጽፍ ነበር። እኛም አስጽፈናል። ኋላ ይህን ማንም ማስታወስ አልፈለገም።

በየካቲት ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ሲገድሉ፣ ጣራውን በቤንዚን ሲያቃጥሉ፣ በእሷ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ወረቀት ያለበትን ቤት አይነኩም። አባቴ እኔንና ወንድሜን በጓሮ አስወጥቶ ወደ ገደሉ ሰደደንና እሱ መሮጥ ስላቃተው የእሷን በር አንኳኳ። አልከፈተችም። እዚያው ደጃፏ ላይ ገደሉት። ከውስጥ ሦስት ልጆቿን አልጋ ስር ከትታ አፋቸውን ይዛ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ሰማሁት፤ ምንም አልመሰለኝም።

ሰፈሩ ያለ ሸንጎ ፈረደባት። ፍም የሚሰጣት ጠፋ። ወንዝ ስትወርድ እንስራችንን ይዘን እንነሣለን። “እትዬ” መባሏ ቀርቶ “የባንዳው ሚስት” ሆነች። የዚህ ሁሉ መሪ እኔ ነበርኩ። ከዚያ በፊት አስተያየቴን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን ትልልቆቹ ሴቶች ማንን ሰላም ማለት እንዳለባቸው የኔን ፊት አይተው ነው የሚወስኑት። ቂሜ ሹመት ሆነልኝ። አንዲት ባልቴት የሴትዮዋ ልጅ ሲያስለው አዝና ጥቂት ማር ላከችለት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገርናትም። በአራተኛው ሳምንት ራሷ መጥታ ከማናችንም በላይ ሴትዮዋን ትረግም ጀመር።

በዚያው ዓመት ወንድሜ ተያዘ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ሁሉ እየተለቀመ ነበር፤ እሱ ደግሞ መጽሐፍ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ከልደታ በታች ካለው ሜዳ ዳር፣ በሽቦ አጥር ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር አስቀመጧቸው። በካሚዮን እየጫኑ ወደ በረሃ እንደሚወስዷቸውና ከዚያ የተመለሰ እንደሌለ ሰምተናል። በምድር ላይ የቀረኝ ዘመድ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ሐሙስ የነፍስ አባቴ ቤቴ መጡ። ተቀምጠው፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ “ልጄ፣ ከጎረቤትሽ ተልኬ ነው” አሉኝ።

“ጎረቤት የለኝም፣ አባ።”

“አዳምጪኝ። ስም ዝርዝሩን የሚጽፈው ባሏ ነው። የወንድምሽን ስም ሊያወጣው ይችላል። ግን ይፈራል። ‘ለዚያ ቤት አንገቴን ሰጥቼ፣ ነገ ጣልያን ሲወጣ እሷው ታሳርደኛለች’ ይላል። ከሚስቱ ጋር ታርቀሽ ሰው ፊት ይቅር ካልሽ ያደርገዋል። ካሚዮኖቹ ሰኞ ይነሣሉ።”

 ልታደርገው አትችልም ብዬ ያሰብኩትን ነገር ፈልጌ ተናገርኩ። “እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ድንጋይ ተሸክማ ትምጣ።” በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቆማል፤ ተበዳይ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ካላለ አያወርደውም። ያን ጊዜ ግን ይህ በነፍስ ለተፈላለጉ ወንዶች እንጂ ለሴት የተለመደ አልነበረም።

አባ በማግሥቱ ተመልሰው መጡ። “እሺ ብላለች” አሉኝ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር።

እኔ ግን የተዘረፍኩ ያህል ተሰማኝ። እሺ አለች? እንዲሁ? ሐሙስ ዕለት ከዚያ የሚበልጥ ቅጣት አልታየኝም ነበር፤ አርብ ዕለት እሷ ስለተቀበለችው ብቻ ቅጣቱ ረከሰብኝ። ሴቶቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። አንዷ “እንዲህ ከቸኮለችማ የሰማችው ወሬ አለ፤ ጣልያኖቹ ሊወጡ ነው ማለት ነው” አለች። ሌላዋ “ባሏ መክሯት ነው፣ ወደፊት ምስክር እንድትሆኚው” አለች። ማር የላከችው ባልቴት “የአባትሽ ደም በድንጋይ ሊሸጥ?” አለችኝ። ስለ ወንድሜ ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሣሁም።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ሴቶቹ ከኋላዬ። መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ በባዶ እግሯ፣ ድንጋይ ማጅራቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ደግፋዋለች። አጠገቤ ስትደርስ ጎንበስ አለች። “አምላክን ስለ ወለደች እመቤት ብለሽ ማሪኝ፣ የኔ እናት” አለች። ከእሷ የማንስ ሰው “የኔ እናት” መባሌን ሁሉም ሰማ።

አባ “በይ ልጄ፣ ቃሉን ተናገሪ” አሉኝ።

ቃሉ ሁለት ቃል ነው፤ ምላሴ ላይ ነበር። ከኋላዬ ያለው ዝምታ ግን ከበደኝ። ዞር ብዬ ሴቶቹን አየሁ፤ ሁሉም እኔን ያያሉ። ምን እንደሚፈልጉ ያወቅሁ መሰለኝ።

“ድንጋዩ ትንሽ ነው” አልኩ።

ሳቅ ተነሣ። እሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ተመለሰች። የሄደች መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይታ የወፍጮዋን ድንጋይ ተሸክማ መጣች። አንገቷ ወደ ደረቷ ተቀብሮ፣ ሻካራው ድንጋይ ማጅራቷን ልጦት ነጠላዋ ላይ ደም ይታያል።  አሁን የሚስቅ አልነበረም። ያን ጊዜ ይቅር ብል ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ግን ምንም እንደማይሉኝ በምን ልወቅ?

“ባሏስ?” አልኩ። “እሱ ለምን አልተሸከመም?”

አባ “ይህማ አልተባለም! የጣልያን ሹም እያየው ድንጋይ ቢሸከም እሱንም ይገድሉታል፣ ወንድምሽም ይቀራል” አሉ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ሴቶቹ ተከተሉኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ቤቴ የሄድኩበትን አረማመድ ዛሬም አልረሳውም፤ እንደ ንግሥት ነበር የሄድኩት። ድንጋዩን ከማጅራቷ ያወረዱላት አባ ራሳቸው ናቸው አሉ።

ሰኞ ጠዋት የካሚዮኖቹ ድምፅ እቤቴ ድረስ ይሰማል። ሰው ሁሉ ዘመዱን ሊሰናበት ወደ ሜዳው ወረደ። እኔ አልሄድኩም። አስተርጓሚው ዝርዝሩን ይዞ እዚያ ይቆማል፣ ሚስቱም አትቀርም፤ እነሱ አጠገብ ቆሜ ሳለቅስ ሰፈሩ ቢያየኝስ ብዬ ነው። ራሴን አሞኛል አልኩና ሻሽ አስሬ ተኛሁ።

ጣልያን ሲወጣ ከበረሃ የተረፉት ጥቂቶች ተመለሱ። ወንድሜ በመጀመሪያው ዓመት በንዳድ መሞቱን አንዱ ነገረኝ። ለቅሶ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን ባልቴቷ ጆሮዬ ስር ተጠግታ “ያን እሑድ ‘ማሪያት’ ልልሽ ነበር እኮ፤ አንቺን ፈርቼ ነው” አለችኝ። ሌላዋም ሰምታ “እኔም” አለች። አንድ በአንድ ብጠይቅ ኖሮ ሁሉም እንደዚያው ይሉ ነበር። እኔ እነሱን፣ እነሱ እኔን ስንፈራ ወንድሜን ጫኑት።

በሦስተኛው ቀን እሷ መጣች። ባሏ ጣልያኖቹን ተከትሎ ከጠፋ ቆይቷል። ሴቶቹ ፊቴን አዩ፤ ዝም ስል አጠገቤ ቦታ ለቀቁላት። አለቀሰችለት፤ ከልቧ ነበር፣ ያስታውቃል። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

“ሰኞ ዕለት ስንቅ ወስጄለት ነበር” አለችኝ በቀስታ። “ካሚዮኑ ላይ ሆኖ ዓይኑ ሲንከራተት አየሁትና ተጠጋሁ። ‘እህቴስ?’ አለኝ። ‘አንተን ለማስፈታት እንዳልሆነች ሆና፣ ደጅ ስትጠና ታማ ተኝታለች’ አልኩት። ደስ አለው። ‘አይዞሽ በይልኝ’ ብሎኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የምነግርሽበት ቀን አላገኘሁም።”

ልትበቀለኝ ብላው ቢሆን መልሱን አላጣውም ነበር። ፊቷን አጥብቄ አየሁት፤ በቀል የለበትም። ልታጽናናኝ ብላ ነው የነገረችኝ።

ከአጠገቧ ተነሣሁና ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። አባቴን ደጃፏ ላይ ማስቀረቷን ከዚያ በፊት በልቤ ትቼላት ነበር። ለወንድሜ ስለኔ የዋሸችውን ግን እስክትሞት ድረስ ይቅር አላልኳትም።