ደላላ የመሰሉ ስሞች

ማሂራ ስክሪብቶ ከተዋሰችህ አታስብ፤ ራሷ ታመጣዋለች። በሦስተኛው ቀን፣ ቀለሙ ካለቀም አዲስ ገዝታ፣ «ይቅርታ፣ አቆየሁት» ብላ ትመልስልሃለች። መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስክሪብቶ የመለሰልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ባለፈው መስከረም አንድ ጠዋት መጋረጃውን ገልጣ «እትዬ፣ ሌባ ሆንኩ እንዴ?» ስትለኝ ሳቄ ያመለጠኝ በክፋት አልነበረም።

መጋረጃ ያልኩት ቤቴን ለሁለት የከፈልኩበትን ነው። የኋላውን ክፍል ያከራየኋት ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በኮምፒውተር በተመረቀች ማግስት ነበር። የኔ ስም በሩ ላይ በቀይ ቀለም «እታገኝ ፎቶ ኮፒ» ተብሎ ተጽፏል፤ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሳይወርድ ያነበዋል። የእሷ የለም። ታፔላ አሠሪ እያልኩ ስንት ጊዜ ነዝንዣታለሁ፤ «ሰው ያውቀኝ የለ?» ትለኛለች። ሰው የሚያውቃት ግን «እታገኝ ጋ ያለችው ልጅ» በሚል ነው።

እዚያ መጋረጃ ጀርባ ሆና ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ፕሮግራም ሠራች። የቡና ናሙና ሰማያዊ ትሪ ላይ ይበተናል፣ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ተባይ የበሳውን ፍሬ ለይቶ ይቆጥራል። በፊት ይህን የሚሠራው የመጋዘን ሰው ዓይን ነበር፤ ዓይን ደግሞ ይደክማል፣ ለወዳጁም ያዳላል። አጋሮ አካባቢ ያሉ ሰባት የገበሬ ማኅበራት በየላፕቶፓቸው ጭነው ሞከሩት። ገበሬው የራሱ ቡና ፊቱ ሲቆጠር ስላየ ጭቅጭቁ ቀነሰ፤ ማሂራም ለቀማ በደረሰ ቁጥር ላፕቶፗን አዝላ በሚኒባስ ትመላለስ ጀመር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ብቻዋን ከባዶ ተነስታ አልጻፈችውም። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ፎቶ የሚያነበውን፣ ቀለም የሚለየውን፣ የፍሬውን ጠርዝ የሚያገኘውን ኮድ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ጽፈው፣ የፈለገ ይውሰደው ብለው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውታል። ኦፕን ሶርስ ይሉታል። ዋጋ የለውም፣ ፈቃድ ግን አለው፤ እሷ የወሰደችው ኮድ ፈቃድ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጻፉት ሰዎች ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ከፕሮግራሙ እንዳይለዩ። ማሂራም አልለየቻቸውም። ፕሮግራሙ ሲከፈት ስሞቹ ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ያልፉ ነበር፤ አርባ ሦስት የፈረንጅ፣ የህንድ፣ የቻይና ስም።

ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። አባ ሙኒር ከአጋሮ ወጣ ብሎ ያለው ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ እሳቸው የያዙትን ሌሎቹ ይይዛሉ፣ የጣሉትን ይጥላሉ። አንድ ቀን ስሞቹ ሲያልፉ አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲሸጡ ለኖሩ ሰው፣ በገበሬና በገዢ መካከል የተደረደረ ስም ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም፤ ደላላ ነው። «ኢሳን ኩን ኤኙ? እነማን ናቸው እነዚህ? ከቡናችንስ ምን ይደርሳቸዋል?» ብለው ጠየቁ። ምንም አይደርሳቸውም ብትል ማን ይመናት። አርባ ሦስት ሰው በነጻ? ወሬው ከመጋዘን ወጥቶ መስጊድ በር ደረሰ፣ በሳምንቱም ሁለት ማኅበራት ላፕቶፑን ዘግተው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ማሂራ ምን አደረገች? ስሞቹን አጠፋቻቸው። ሌላ ሰው ከፍቶት ሌላ ወሬ እንዳይነሳ ብላ የፈቃዱንም ፋይል አብራ ሰረዘችው። ወሬው ሞተ፣ ላፕቶፖቹም ከቁም ሳጥን ወጡ፤ እሷም ነገሩን ረሳችው።

ባለፈው መስከረም ግን ማኅበራቱን የሚያስተዳድረው ዩኒየን ፕሮግራሙን በውል ሊወስድ ተነሳ። አንድ የውጭ አገር ገዢ የቆጠራውን ውጤት ከቡናው ጋር ሊቀበል ተስማምቶ ነበር። የገዢው ጠበቆች ቅጽ ላኩ። የማንን ኮድ ተጠቅመሻል፣ ፈቃዱስ የታለ? በፓተንት፣ ማለትም በፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የተያዘ ዘዴ ውስጡ አለ ወይ? ይህ ካልተመለሰ ውል የለም፣ ቆጠራውንም ገዢው አይቀበልም፤ ማኅበራቱም የዘንድሮውን ቡና እንደ ድሮው በዓይን ግምት ይለያሉ። ለቀማ ሊጀመር የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

ሌባ ሆንኩ እንዴ ያለችኝ ያን ጠዋት ነው። ሳቄን ስጨርስ ፊቷን አየሁት፤ አመድ መስሏል። ላጽናናት ብዬ፣ እኔ ስንት ሺህ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ሳደርግ አንድም ደራሲ መጥቶ አልጠየቀኝም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷ እስከ ማታ ድረስ አልለቀቀኝም።

የፓተንቱ ነገር ደግሞ ይብስ ነበር። ትሪው ተንጋዶ ፎቶ ቢነሳ እንኳ ነጥቦቹን እያመሳሰለ ቀጥ የሚያደርግ አንድ ዘዴ ፕሮግራሙ ውስጥ አለ። እሱ ከሌለ አንዱን ፍሬ ሁለቴ ይቆጥራል። ማሂራ ይህን የወሰደችው ግቢ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲዞር ከኖረ አሮጌ ዕትም ነው፤ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ተማሪው ሁሉ ያንኑ ይገለብጣል። ፎልደሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ ይህ ዘዴ አሜሪካ ውስጥ በፓተንት የተያዘ ነው፣ ነጻ አይደለም ይላል። ተማሪ ሆና አንብባ አልፋዋለች። አሁን ሌት ተቀን ያ ማስጠንቀቂያ ፊቷ ላይ ይመጣባታል። አራት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሰችም። ዘዴውን አውጥታ ሌላ ልትጽፍ ሞከረች፣ በሦስት ሳምንት የሚሆን አይደለም። በአምስተኛው ቀን ለዩኒየኑ «ይቅርብኝ» የሚል ደብዳቤ ጽፋ አትሚልኝ ብላ ሰጠችኝ።

አላተምኩም። ብሽቅ አልኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ሦስት ዓመት መጋረጃ ጀርባ ዓይኗን ያፈሰሰች ልጅ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ልታልቅ? እጇን ይዤ አብዱልሰመድ ጋ ወሰድኳት። አብዱልሰመድ ጠበቃ ነው፤ ክሱንም መልሱንም እኔ ጋ ነው የሚያስጽፈው። አብዛኛው ሥራው የመሬት ነገር ነው፤ ፓተንት ሲሰማ ራሱን አከከ። ጥሩነቱ፣ የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም። ወረቀቷን ሁሉ ተቀብሎ ሦስት ቀን ስጡኝ አለ።

በሦስተኛው ቀን ራሱ መጣ። ማሂራ ለመቀመጥም አልቻለች፣ ማሽኑን ተደግፋ ቆማ ሰማችው።

«ፓተንት ዕድሜ አለው» አላት። «ሃያ ዓመት ነው። የዚህኛው ሞልቶ አልፏል፤ ዘዴው አሁን የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። በአዲሱ ዕትም የኮዱ ባለቤቶች ራሳቸው ማስጠንቀቂያ ካለበት ፎልደር አውጥተው ከሌላው ጋር ቀላቅለውታል። አንቺን ያስፈራሽ ጊዜው ያለፈበት ጽሑፍ ነው።»

ማሂራ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሷ አልሃምዱሊላህ ትላለች፣ እኔ ተመስገን እላለሁ፣ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የገባ ሰው ለቅሶ ቤት የደረሰ መስሎት ቆቡን አወለቀ።

አብዱልሰመድ ግን አልጨረሰም። የስሞቹ ነገር እውነተኛ ጥፋት ነው አላት፤ ደግነቱ የሚታረም ነው። ስሞቹንም ፈቃዱንም ትመልስ፣ ለባለቤቶቹም ያደረገችውን ትንገራቸው፣ ከዚያ ቅጹን እውነቱን ጽፋ ትሙላ። ያንኑ ቀን ኮዱን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ኢሜል ጻፈች። መልሱ እስኪመጣ ሁለት ቀን ስልኳን ከእጇ አላወጣችም። የመጣው አራት መስመር ነበር፤ ስለነገርሽን እናመሰግናለን፣ ስሞቹን መልሺያቸው፣ ከዚያ ሌላ የምንፈልገው የለም፣ ይልቅ ቡና ሲቆጥር የሚያሳይ ፎቶ ካለሽ ላኪልን። ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ቀየርኩ። ተማሪዎች መጽሐፍ ሲያስገለብጡ የመጀመሪያውን ገጽ ዝለይው ይሉኛል፣ ወረቀት ለመቆጠብ። አሁን አልዘለውም። የደራሲው ስም ያለበትን ገጽ በራሴ ወረቀት አትሜ ከላይ አደርገዋለሁ። በዚህ ጻድቅ አልሆንም፣ ግን የማሂራን ዓይን ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል።

የቀረው አባ ሙኒር ነበሩ። ስሞቹ ተመልሰው ሲያልፉ ደላላዎቹ ተመለሱ ካሉ፣ ማኅበራቱ ላፕቶፑን ይዘጋሉ፤ ውል ቢኖርም የሚጠቀምበት የለም። ስሞቹን በትልልቅ ፊደል አትሜ፣ ሱቄን በሥራ ቀን ዘግቼ፣ አብሬያት አጋሮ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታጠና ሰማኋት።

መጋዘኑ በር ላይ አሥር አሥራ ሁለት ገበሬ ተቀምጧል። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። አባ ሙኒር ተጠግተው አዩትና ወደ እሷ ዞሩ። መንገድ ላይ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

«አጥፍቻቸው ነበር፣ አባ ሙኒር። እርስዎን ፈርቼ ነው» አለቻቸው። «ማጥፋት አልነበረብኝም። የሠሩትን ለማንም ይሁን ብለው የሰጡ ሰዎች ናቸው። ምንም አይወስዱም። ስማችን አይጥፋ ነው የሚሉት፣ ሌላ የላቸውም።»

ሽማግሌው ወደ ወረቀቱ ዞሩ። እኔ በልቤ ወደ ሚኒባሱ መመለስ ጀምሬ ነበር።

«ሰደቃ ነዋ» አሉ በመጨረሻ። «ያኔውኑ ሰደቃ ነው ብትይኝ ምን ነበረበት? እኔ ጃጅቼ የሰው ሰደቃ ደላላ ነው አልኩ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ። በይ አንብቢያቸው።»

አነበበች። አርባ ሦስቱንም፣ የቻይኖቹ ላይ እየተደናቀፈች። ስታበቃ አባ ሙኒር እጃቸውን ዘርግተው ዱኣ አደረጉላቸው፤ ጤና፣ ዕድሜ፣ ለልጆቻቸው በረካ። ገበሬዎቹ አሚን አሉ። እኔም ክርስቲያኗ እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። አርባ ሦስት ሰው በየአገሩ በየሥራው ላይ ሆኖ፣ አጋሮ መጋዘን በር ላይ እንደተመረቀ ሳያውቅ ዋለ።

ተነስተን ልንሄድ ስንል አባ ሙኒር ወረቀቱን እንደገና ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ወረዱበት።

«መቃን ኬ ሆ?» አሏት። «ያንቺስ ስም የታለ?»

ማሂራ ግራ ገባት። እኔ እኮ የሰው ሥራ ለቃቅሜ ነው አንድ ላይ ያደረግኩት አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ጋ እሸት ቡና ለቅሞ የመጣ ሁሉ ስሙ ይጻፋል» አሉ አባ ሙኒር። «የለቃሚ ስም አይጻፍም ያለሽ ማነው?»

ስክሪብቶ ከእኔ ተዋሰች። ከሁሉም በታች፣ አርባ አራተኛ አድርጋ፣ ማሂራ ብላ ጻፈች። አባ ሙኒርም የቅድሙ ዱኣ ያለ እሷ የተደረገ ስለሆነ ከመጀመሪያው ይደገም ብለው ሁላችንንም መልሰው አስቀመጡን።