ሦስቴ የተጨመረ ምራቂ

አባቴ ከወሎ ጋምቤላ የገባው ጢም ሳያበቅል ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ከአንድ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ነው። ስኳር መዝኖ ፌስታሉን ከማሰሩ በፊት ሁልጊዜ አንድ ማንኪያ ምራቂ ይጨምራል። ምራቂ የሌለው ሽያጭ በረካ የለውም ይላል።

ባለፈው ክረምት ምራቂው በዛ። አንድ ማንኪያ ጨምሮ ሊያስር ሲል እጁ ይመለስና ይደግማል፤ ከዚያም ይሠልሳል። እኛ ደስ አለን። ወንድሜ ሰው ሲያረጅ እጁ ይፈታል አለ። እኔም ለአኼራው ስንቅ እየያዘ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። በሽታው ዐይኔ ፊት ሚዛን ላይ ተቀምጦ እኔ አመሰግነው ነበር።

ቀድማ ያወቀችው ደንበኛችን ናት፤ ከትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ እየመጣች ዓመታት ከእኛ የገዛች የኑዌር እናት። አንድ ቀን ስኳሯን ይዛ ከወጣች በኋላ ተመለሰች። አባቴ ለዙሁር ሶላት እስኪወጣ ጠበቀችና ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«አባትሽ ሦስት ጊዜ ጨመረ» አለችኝ። «መጨመሩን ረሳ። የእኔም እናት እንዲህ ነበረች።»

ተቆጣኋት። አባቴ ለጋስ እንጂ በሽተኛ አይደለም አልኳት። አልተቀየመችም፤ ትርፉን አስቀንሳኝ የራሷን ብቻ ይዛ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አባቴን በሌላ ዐይን አየሁት። ከመስጊድ ተመልሶ ሰግጃለሁ ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሐኪሙ የማስታወስ ጥያቄዎች ጠየቀው፣ ደሙን አስመረመረ፣ በመጨረሻም ኤምአርአይ አዘዘለት። መሣሪያው ብረት ስለማይፈቅድ አባቴ የብር ቀለበቱን አውልቆ ሰጠኝ። ሲወጣ ቀለበቴን ወሰዱብኝ አለ። ጣቴ ላይ አሳየሁት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ምስሉን ሐኪሙ ለብቻዬ አሳየኝ። ትዝታን የሚይዘው የአንጎል ክፍል በግራም በቀኝም ለዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ ኮስሷል። ምስሉ ብቻውን አይፈርድም፣ ከሌላው ምርመራ ጋር ሲታይ ግን የመርሳት በሽታ ጅማሬ ይመስላል አለኝ። የሚያድን መድኃኒት እንደሌለም አልሸሸገኝም። ታዲያ ቀድሞ መታወቁ ምን ይፈይዳል ብዬ አፋጠጥኩት።

«ዛሬ ስለ ራሱ መወሰን ይችላል» አለኝ። «በኋላ የምትወስኑለት እናንተ ናችሁ።»

ወንድሜ በስልክ እንዳትነግሪው አለኝ። በእኛ ዘንድ ክፉ ምርመራ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ድካም ነው ብዬ ዋሽቼው ጋምቤላ ገባን። ሦስት ቀን ቻልኩት። ያቺ ሴት ምንም ምስል ሳትይዝ እውነቱን ነግራኛለች፤ እኔ ምስሉን ይዤ እደብቃለሁ። አፈርኩ።

በአራተኛው ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ ባሮ ዳር ተቀምጠን ነገርኩት። ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች አያቸው። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ልጆቼንም?»

«ምናልባት፣ አባ» አልኩት።

በማግሥቱ ሱቁን አልከፈተም። ለሐጅ የሚነሳ ሰው እንደሚያደርገው ከመስጊድ እስከ ገበያ፣ ከቤት ቤት እየዞረ አፉ በሉኝ፣ ያስቀየምኩት ይቅር ይበለኝ አለ። ብዙዎቹ መካ የሚሄድ መስሏቸው በዱዓ አትርሳን አሉት። አላረማቸውም። ያቺ ደንበኛችንም ልማዱን ባታውቀውም እጁን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

አመሻሹ ላይ ደክሞት ገባና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ለምረሳሽ ጊዜ ከአሁኑ አፉ በይኝ» አለኝ።

አፉ አልኩት፤ አልቅሼ አልኩት። ዕንባዬን ጠርጌ ሻይ ልቀዳለት ተነሳሁ። ብርጭቆውን ሳቀብለው ቀና ብሎ አየኝና ያንኑ ቃል እንደ አዲስ ደገመው። አብሮን የተቀመጠው ወንድሜ አሁን እኮ ብለሃታል ሊል አፉን ሲከፍት በእጄ ከለከልኩት።

«አፉ ብዬሃለሁ፣ አባ» አልኩት ገና እንደሰማሁ ሁሉ።